ወደ ባሕር የሚከፈተው በር

ፖርት ኬርን፣ ስኮትላንድ
ጃንዋሪ 11 ቀን 2016

ለአቶ ጊልበርት ካርጊል
ደኒዲን፣ ኒው ዚላንድ

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ በጤናና በሰላም ያግኝዎት። እኔ ደህና ነኝ። ባሕሩም እንደ ልማዱ ነው።

ከተጻጻፍን ዘጠኝ ዓመት ሊሞላን ነው። ባለቤቴ ማግነስ ከነጀልባው ባሕር የቀረ ጊዜ ካርድ ልከውልኝ ነበር፤ ታትሞ የሚሸጠው ዓይነት፣ ከሥሩ ስምዎ ብቻ ያለበት። አልወቅስዎትም። ዛሬ የምጽፈው ለፊርማ ነው።

እንደሚያውቁት ዓሣ የምናጨስበት ቤት በሁለቱ ወንድማማች አያቶቻችን ስም ነው የተመዘገበው። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእርስዎ ነው። ያለ እርስዎ ፊርማ ምስማር እንኳ ልመታበት እንደማልችል ጠበቃው ነግረውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣችን መሯል። ሁልጊዜ አይደለም። ከሥሩ እሳት አንድደን ዓሣውን ከምናንጠለጥልባቸው በርሜሎች አንዱ እንደ ድሮው ወርቅ መስሎ ይወጣል፤ ቀጣዩ ጥቀርሻ ጥቀርሻ ይላል። እንጨቱ ያው፣ ጨዉ ያው፣ ከላይ የምናለብሰው እርጥብ ጆንያም ያው ነው። ሦስት ሆቴሎች ትተውኛል። አምስት ሠራተኞች ነበሩኝ፤ አሁን የቀረነው እኔና ዊኒ ነን። መንደሩ «የኤልስፔት ልብ መሮ ነው ዓሣው የመረረው» ይላል። ይበል።

ባለፈው መከር ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ መነጽራም ሰውዬ ጥንድ ዓሣ ገዛኝ። በሳምንቱ ደገመ። በሦስተኛው ሳምንት አጥንቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። «የመጀመሪያው ግሩም ነበር፣ ሁለተኛው ይመራል። ለምንድን ነው?» አለኝ። «ምላስህን ሐኪም ይየው» አልኩት። አልሄደም። ለካ የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው፤ ምግብ የሚያጠና ፕሮፌሰር። እንደኛ ላሉ ትንንሽ ድርጅቶች የሚሆን ውል አላቸው። አንድ ተመራቂ ሁለት ዓመት እኛ ዘንድ ይሠራል፤ ዩኒቨርሲቲው ከጀርባ ሆኖ ያግዛል፤ አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ሁለታችን መፈረም አለብን። በእርሳስ ምልክት ያደረግሁበት ቦታ ላይ ነው የሚፈርሙት።

ኤልስፔት ካርጊል


ደኒዲን
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016

ለእህቴ ለኤልስፔት

የአባቶቻችን አምላክ ደጅሽን ይጠብቅልሽ፤ ጉንፋንም አይድፈርሽ። እዚህ በጋ ነው፣ ዝንቡ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ «እርስዎ» የሆንኩት? ንፍጥሽን የጠረግኩልሽ ሰው እኮ ነኝ! የአያቶቻችን ወንድማማችነት ቢርቅም ያደግነው በአንድ ግቢ ነው። በይ ተይ፣ አታስረጂኝ።

ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ማጨስ በዲግሪ ነው ሲባል ግን ይኸው ባንቺ ሰማሁ። አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ከመቃብር ተነሥተው ይስቁ ነበር። ነገ ደግሞ ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ ሊያስተምሩሽ ይመጣሉ።

የልቤን ልንገርሽና ሽጪው። አንድ ሰውዬ ሁለቴ ጽፎልኛል፤ አፍርሶ ለእረፍት የሚከራዩ ቤቶች ሊሠራበት ይፈልጋል። እኔ ሰባ ሊሞላኝ ነው፣ ዳሌዬ አላስኬድ ብሎኛል። አንቺም ስልሳን ተሻግረሻል። ለማን ብለሽ ነው የምትለፊው?

ልጄ ደብዳቤሽን አንብባ ተቆጣችኝ። «አባዬ፣ ወይ ፈርም ወይ እኔ እፈርምልሃለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ፈርሜ ልኬዋለሁ። ግን ለሁለቱ ዓመት ብቻ ነው። እስከዚያ ዓሣው ካልተስተካከለ ይሸጣል። ይህን ቃል ስጪኝ።

ስለ መንደሩ ጻፊልኝ። ማን አለ፣ ማን… ብቻ ዝም ብለሽ ስለ መንደሩ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ጊልበርት


ፖርት ኬርን
ጁን 2 ቀን 2016

ለጊልበርት

አምላክ ለዳሌህ ምሕረት ይላክለት። እኔ ደህና ነኝ።

ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። ካልሆነ ይሸጣል።

ተመራቂዋ በኤፕሪል መጣች። ቫሪ ትባላለች፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ የግላስጎው ልጅ ናት። ዓሣ የምታውቀው በሳህን ነው። በመጀመሪያው ቀን በርሜሎቹ መሃል ቆማ የዚያን የቀዩን ዓሣ ስም ጠራችው! «እሱንም ብናጨስስ?» ብላ። ዊኒ ሲባጎዋን ጥላ ብረት ፍለጋ ሮጠች። እኔም የምድጃውን ብረት ያዝኩ። የማምንበት ሆኜ አይደለም፣ እጄ ነው የሄደው። ልጅቷ «ምን አጠፋሁ እትዬ?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። አባቶቻችን ገደቢስ ነው ብለው በሥራ ቦታ ያንን ስም እንደማይጠሩ፣ ከጠሩትም ቀዝቃዛ ብረት እንደሚነኩ ዊኒ ነገረቻት። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ሁሉን ነው የምትጽፈው። እንጨቱን ትመዝናለች። ጆንያውን ስንት ጊዜ ውሃ እንዳርከፈከፍኩበት ትቆጥራለች። ዓሣው ሆድ ውስጥ ሽቦ አስገብታ ሙቀቱን ላፕቶፗ ላይ ታያለች። ከባሕሩ ወገን ካለው ግድግዳ በቀር ያልለጠፈችበት ቦታ የለም። እዚያ ባዶ ሳጥን ነው የተደረደረው፤ እንዳይነካ ብያታለሁ። ወደብ ላይ ያሉት ወንዶች መሳቂያ አድርገውኛል። «ኤልስፔት፣ ዓሣሽ ዛሬ ስንት አመጣ? አለፈ ወይስ ይደግማል?» ይሉኛል።

«መብሰሉን በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ሲበስል» አልኳት። ጣቴን ዓሣው ላይ ስጫን አየችና «ምን ይሰማሻል?» አለች። ለእሷ ያልነገርኳትን ለአንተ ልንገርህ፤ ምንም አይሰማኝም። ጣቶቼ ከደነዘዙ ቆይተዋል። ሐኪሙ የበረዶና የጨው ነው ይላል። የምጫነው ከልማድ ነው።

ሌላውም ነገር እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ቫሪ የሆነ ነገር ተናግራ ዊኒ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። የሳቅኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት ካቆምኩ በኋላ ነው።

መንደሩ ደህና ነው።

ኤልስፔት


ደኒዲን
ኦገስት 9 ቀን 2016

ለእህቴ

ክረምቱ እኛ ጋ ገብቷል፤ እናንተ ጋ ያለችውን ያህል ፀሐይ አምላክ አይንሳችሁ።

«መንደሩ ደህና ነው» ብሎ ደብዳቤ አለ እንዴ? ከፖሊስ እንኳ የተሻለ ወሬ ይገኛል! ጀልባ ስንት ቀረ? አሮጌው ፋኖስ አሁንም የወደቡ አፍ ላይ አለ? የዓሣ ጥንድ ላኪልኝ እንዳልልሽ ጉምሩኩ አያሳልፍም። ፎቶውን ላኪልኝ። ጅራታቸው በሲባጎ ታስሮ ዘንግ ላይ እንደተንጠለጠሉ ይሁን።

ገዢው ሰውዬ ደግሞ ጽፏል። አልመለስኩለትም፤ አንቺን እየጠበቅኩ ነው።

ጊልበርት


ፖርት ኬርን
ኖቬምበር 28 ቀን 2016

ለጊልበርት

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ፎቶው አብሮ አለ። ፋኖሱ አለ። ጀልባ ሦስት ቀርቷል።

ትናንት ፕሮፌሰሩ መጥቶ ነበር። ሰላሳ ገጽ ወረቀት ይዞ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ከሁለት መቶ በላይ በርሜል ለክተዋል። እንጨቱ አይደለም። ጨዉም አይደለም። ዓሣውም፣ ጆንያውም አይደለም። የሚመረው እሳቱ አየር ሲያጥረው ነው፤ ታፍኖ ይጨሳል፣ ጥቀርሻ ያመጣል። እዚህ ድረስ ደርሰውበታል። ግን አንዳንድ ቀን አያጥረውም። ያ ለምን እንደሆነ አላወቁም። የጭስ ማውጫውን ጠርገናል፣ የመንገዱን በር ከፍተን ሞክረናል፤ ብሶበታል። «ያልለካነው ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም» አለ ሰውዬው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። አሳዘነኝ ልበል? ማዘን እንደነበረብኝ ገብቶኛል።

በከንቱ ቀረ ማለቴ አይደለም። ቫሪ ዓሣው አየር በሌለው ላስቲክ ታሽጎ እንዲሸጥ አድርጋለች፤ አንድ ሆቴል ተመልሷል። ግን መልሶ የገዛው ሆቴል መራራውን በርሜል ካገኘ ለሁለተኛ ጊዜ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ አይመለስም።

ልጅቷ አሁንም አልተኛችም፤ ወለሉን ሁሉ እየበረበረች ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አልኳት። «ዘንዶም ቢሆን ይውጣ እትዬ» አለችኝ።

ገዢህን ጥራው። ሁለት ዓመቱን መጠበቅ ምን ያደርጋል። ይህን ስጽፍ ምንም አልተሰማኝም፣ ስለዚህ ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ኤልስፔት


ደኒዲን
ዲሴምበር 19 ቀን 2016

ለእህቴ ለኤልስፔት

መጪው ዓመት የምሕረት ያድርግልሽ።

ገዢውን አልጠራሁትም። ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ፎቶሽን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የልጅ ልጆቼ «ይሄ ምን ዓይነት ልብስ ማስጫ ነው?» ይሉኛል።

«አየር ያጥረዋል» ስትዪ ግን ሳቄ መጣ። እናትሽ ቤት አየር አጥሮ ያውቃል እንዴ! በስንቱ ብርድ ነው ያደግነው! ዓሣ እየሰቀልን ሳለ በየአሥር ደቂቃው የባሕሩን በር ወለል ታደርገው ነበር፣ ጀልባ ገብቶ እንደሆነ ለማየት። እኛ ልጆች አጥንታችን ድረስ እየበረደን «ኧረ በሩን!» ብለን እንጮሃለን። እሷም «ዝጊ የምትሉኝ የእናንተ አባት ገብቶ ነው?» ትለናለች። አያቴም እንደዚያው ነበረች። እዚያ ቤት የሠራች ሴት ሁሉ እንደዚያ ናት። አንቺም ማግነስን ካገባሽ በኋላ እንደዚያው ሆንሽ፤ እጅሽ ዓሣው ላይ፣ ዓይንሽ በሩ ላይ።

አሁን ማን ነው የሚያየው?

ወንድምሽ ጊልበርት


ፖርት ኬርን
ጃንዋሪ 16 ቀን 2017

ለጊልበርት

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በረዶ ነው። ቫሪና ዊኒ ደህና ናቸው።

ኤልስፔት


ደኒዲን
ማርች 30 ቀን 2017

ለእህቴ

ሰላም ካንቺ አይራቅ።

ሁለት መስመር ጽፈሽ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። ምን እንዳስቀየምኩሽ አውቀዋለሁ። የማግነስን ስም አንሥቻለሁ። አንዴ ካነሣሁት ደግሞ ልጨርሰው፤ ከዚህ በኋላ ባትጽፊልኝም መብትሽ ነው።

ጀልባዋን ለማግነስ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ነድቻታለሁ፣ ጠባይዋን አውቀዋለሁ። አፍንጫዋ ከባድ ነበር። ከፊት ለፊት ማዕበል ሲመጣባት ቶሎ ቀና አትልም ነበር። የሚያውቃት ሰው ፍጥነቷን ቀንሶ ያሳልፋታል፤ የማያውቃት ሰው ግን… ይህን ለማግነስ ነግሬዋለሁ ወይስ አልነገርኩትም? አላስታውስም ኤልስፔት። ኩሽናሽ ውስጥ ነበርን። ውስኪ ነበር። እስክሪብቶ ጠፍቶ ስንፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ጨለማ ነው። በነጋታው ሻንጣዬን ይዤ ልጄ ዘንድ፣ እዚህ አገር መጣሁ።

ካርዱ ላይ ስሜን ብቻ የጻፍኩት ሌላ ቃል ጠፍቶብኝ ነው። ሽጪው ያልኩሽም ለዳሌዬ ብዬ አይደለም። ቤቱ ከፈረሰ ነገሩም ያልነበረ ይሆናል ብዬ ነው።

አሁን አወቅሽው።

ጊልበርት


ፖርት ኬርን
ሴፕቴምበር 23 ቀን 2017

ለወንድሜ ለጊልበርት

አምላክ ዕድሜህን ከጤና ጋር ያርዝመው። እኔ ደህና ነኝ። ስድስት ወር ያቆየሁህ በቅያሜ አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ እሱን እነግርሃለሁ።

የዲሴምበሩን ደብዳቤህን ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ማርች ላይ ቫሪ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀመረች፤ ማመልከቻዋን ላፕቶፗ ላይ አየሁት። አልፈረድኩባትም። በነጋታው ደብዳቤህን አምጥቼ «አንብቢው» ብዬ ሰጠኋት። ለምን እንደሰጠኋት ዛሬም አላውቅም። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ሳጥኖቹን አየች።

«እትዬ፣ ከሳጥኖቹ ኋላ ምንድን ነው ያለው?»

«ግድግዳ» አልኳት።

«ኤልስፔት!» አለች ዊኒ። ዊኒ ታውቃለች። የባሕሩ በር ላይ ሳንቃውን ስመታ ምስማሩን ያቀበለችኝ እሷ ናት።

ማግነስን መፈለግ ባቆሙ በማግሥቱ ነው የመታሁት። አሥራ አራት ምስማር። ጠበቃው ያለ አንተ ፊርማ ምስማር አትመቺም ሲሉኝ ዝም ብዬ ነበር የሰማኋቸው። ልጅቷን አንድ ዓመት ሙሉ አደከምኳት፤ ጨዉን አሳየኋት፣ እንጨቱን አሳየኋት፣ ይህን ግን አላልኳትም። ደብቄአት አይደለም። ማሰብ ያቆምኩበት ነገር ነው፤ ለእኔ ግድግዳ ሆኖ ነበር። የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ በሳንቃው ስንጥቅ እየገባ እሳቱን ያነሣው ነበር። ጥሩዎቹ በርሜሎች የእነዚያ ቀኖች ናቸው።

ምስማሩን ቫሪና ዊኒ ነቀሉት። እኔ ዓሣ እያሰርኩ ነበር። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ጉንጬን መታኝ፤ ብርድ ተሰማኝ። ሌላ ምንም አልተሰማኝም። ብርዱ ግን ተሰማኝ።

ከዚያ ልጅቷ ሰዓት ይዛ ተቀመጠች። ስንት ደቂቃ ቆይቶ ይከፈት፣ ስንት ይቆይ እያለች ሰላሳ በርሜል አጨስን። ፕሮፌሰሩ ሁለት መሐንዲሶች ይዞ መጣ። የደረሱበት ይኸው፤ በየአሥራ አንድ ደቂቃው ይከፈታል፣ ሃያ እስኪቆጠር ይቆያል። ከዚያ ካነሰ ይመራል፤ ከዚያ ከበለጠ ዓሣው ይደርቃል። ሃያ ቆጠራ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከበሩ እስከ ፋኖሱ ያለውን ባሕር አይቶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ይህን ለእነሱ አልነገርኳቸውም። ቁጥሩን ከመለኪያቸው ነው ያገኙት። እናቴ ለጣዕሙ ብላ ከፍታው አታውቅም።

መንደሩ አሥር ዓመት ሙሉ ልቧ መሮ ነው ሲል ነበር። አየር ነው ያጠረው።

አሁን አራት በርሜል አለን። ሦስቱም ሆቴሎች ተመልሰዋል፤ ከኤዲንብራ ደግሞ ሁለት አዲስ ጨምረናል። ሦስት ሴቶች ቀጥሬያለሁ፣ ዊኒ አለቃቸው ሆና አላስቀምጥ ብላቸዋለች። የወደቡ ወንዶች አሁን «ማዕረግ አመጣ ወይ?» ይሉኛል፤ ግን ይገዛሉ። ፕሮፌሰሩ በየሳምንቱ ጥንድ ይወስዳል፣ አጥንቱን አይመልስም። ቫሪ ማመልከቻዋን አልላከችውም። ውሏ በኤፕሪል ሲያልቅ በቋሚነት ልቀጥራት እፈልጋለሁ። ለዚህም ፊርማህ ያስፈልጋል፤ እርሳስ አድርጌበታለሁ። ስለ ገዢው ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።

ስለ ጀልባዋ። ነግረኸዋል። እዚያው ድንች እየላጥኩ ነበር። «ማግነስ፣ ይህችን አፍንጫዋን አትመናት፣ ከባድ ናት፣ ማዕበል ሲመጣ ቀስ በል» አልከው። እሱም «ሚስቴንም እንደዚያው ነው የማሳልፋት» ብሎ ሳቀ፣ አንተም ሳቅክ፣ እኔ ድንች ወረወርኩባችሁ። ውስኪው ነው ያስረሳህ። ስለዚህ በቃህ። ስትመጣም ትመጣለህ፤ ክፍል አለ።

የመጨረሻውን ልንገርህና ላብቃ። መሐንዲሶቹ በሩ ላይ መዝጊያ ሠርተዋል፣ ማሽን ነው የሚያንቀሳቅሰው። በየአሥራ አንድ ደቂቃው ቀጭ ብሎ በራሱ ይከፈታል። ማንም ሥራውን ትቶ መሄድ፣ ማንም ማየት እንዳያስፈልገው ነው የተሠራው። አዲሶቹ ሴቶች ቀና እንኳ አይሉም።

እኔ ቀጭ ባለ ቁጥር ቀና እላለሁ። እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ከዚያ ይዘጋል።

እህትህ
ኤልስፔት